እሳት በተከለከለበት ተራራ
ከቀርሜሎስ ደን የአንድ ቀን ጉዞ ማስታወሻ

የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ያከበሩ ተሳላሚዎች ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ናዝሬትን፣ ደብረ ታቦርንና የጥብርያዶስን ባሕር መሳለማቸው የቆየ ልማድ ነው። ቀርሜሎስ ግን በጉዞው መርሐ ግብር ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ ብቻ ነው። አውቶቡስ ይቆማል፤ በነቢዩ ኤልያስ ሐውልት ሥር ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ቶሎ በሉ፣ መሸብን» ይባላል። ዘንድሮ በገዳሙ የምንኖረውና ለበዓሉ የመጡት እንግዶቻችን ተመካክረን፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ካሉት ቀኖች አንዱን ሙሉውን ለዚያ ተራራ ሰጠን። ዓላማችን ነቢዩ የቆመበትን ስፍራ መሳለም ብቻ ሳይሆን፣ ስፍራው ያረፈበትን ደን በእግራችን ገብተን ማየት ነበር።

ኪዳን ደርሶ ገና ሳይነጋ ተነሣን። በዓለ ሃምሳ ነውና ጾም የለም፤ እናቶች ድፎ ዳቦውን፣ የተቀቀለ እንቁላሉን፣ ውኃውን ጭነዋል። ጀበናና ሲኒ፣ ከዚያም አንድ ከረጢት ከሰል መጨመሩን ያየነው አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ ነው። «ከዛፍ ሥር ቡና ሳይፈላ ምን ጉዞ አለ?» ተባለ፤ እኛም ሳቅን እንጂ አልተቃወምንም። ከጎጃም የመጡ አንዲት እማሆይ ደግሞ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር በጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ይዘውት ነበር። ሰባት ጧፍ ነው። በአገራቸው ዝናብ በጠፋበት በአንድ ክረምት፣ «ዝናቡን ከመለስህልን፣ ነቢዩ ዝናብ በለመነበት ተራራ ላይ ሰባት ጧፍ አበራለሁ» ብለው ተስለዋል። ሰባት የሆነበትን ምክንያት የነገሥትን መጽሐፍ ያነበበ ያውቀዋል፤ የነቢዩ ብላቴና ደመና ለማየት ወደ ባሕሩ የተመለከተው ሰባት ጊዜ ነው። ዝናቡ መጣ፤ ስእለቱ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ቆየ። እማሆይ በዚህ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም የመጡበት ግማሽ ምክንያት ይህ መሆኑን የነገሩን መንገድ ላይ ነው። «እናበራለን፣ እማሆይ» አልናቸው። ማንንም ሳንጠይቅ ቃል ገባን።

ከኢየሩሳሌም ተራሮች ወደ ጠፍ ሜዳው ወርደን፣ ባሕሩን በስተግራ አድርገን ወደ ሰሜን ተጓዝን። ሐደራ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ መንገዱ ዳር የቆሙትን ረጃጅም ዛፎች ያዩ እናቶች በአንድ ድምፅ «ባሕር ዛፍ!» አሉ። አልተሳሳቱም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሰፈሩ ሰዎች ረግረጉን ለማድረቅ፣ በዚያም የወባን መንሥኤ ለማጥፋት ተስፋ አድርገው የተከሉት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባውም ይኸው ከአውስትራልያ የመጣ ዘር ነው። ከሞላ ጎደል በአንድ ዘመን፣ ለሁለት የተለያዩ ችግሮች፣ ሁለት አገሮች አንዱን ዛፍ መረጡ። በሁለቱም አገር ዛፉ ውኃ ይጠጣል እየተባለ እስከ ዛሬ ይታማል።

ከዚያ ጥቂት እንደሄድን ተራራው በስተቀኝ ተነሣ። ቀርሜሎስ ረጅም ተራራ አይደለም፤ ከፍተኛው ጫፍ 546 ሜትር ብቻ ነው። ሰሜንን ወይም ላስታን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ኮረብታ ነው ቢባል ይቀላል። ነገር ግን ከባሕሩ ጠርዝ በድንገት ስለሚነሣ፣ ከባሕር የሚመጣው ደመና አስቀድሞ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በጫፉ ላይ በዓመት ወደ 700 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ ይህም ሁሉ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ውስጥ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ጠብታ የለም። የዚህ ደን ሕይወት በሙሉ የተቀመረው በዚህ ስሌት ነው፦ ክረምቱን ጠጥቶ በጋውን መታገሥ። ቅጠሎቹ ትናንሽ፣ ጠንካራና እንደ ሰም የሚያብለጨልጩ የሆኑት ለዚህ ነው። ነቢያት ምድር መድረቋን ሊናገሩ ሲፈልጉ የቀርሜሎስን ራስ መድረቅ ምሳሌ ያደረጉትም ለዚህ ይመስለናል፤ ይህ ከደረቀ ሌላው ምን ይተርፋል ለማለት።

በደኑ በር ላይ የተቀበሉን ጠባቂ ከተራራው የድሩዝ መንደሮች የአንዱ ተወላጅ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው ጋር በደን ሥራ የሚያገለግል፣ በጎንደር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የገባ ወጣት ወንድማችን ነበርና ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ መለሰልን። በዚያ ቀን ከምሥራቅ ሞቃት ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ ዕብራውያን ሻራቭ፣ ዓረቦች ኸምሲን የሚሉት፣ አፍን የሚያደርቅ ነፋስ ነው። ጠባቂው ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ዓይናቸው ከአውቶቡሱ በወረደው ዕቃ ላይ አረፈ። ከሰሉን አዩ፤ ጀበናውን አዩ።

«ዛሬ እሳት የለም» አሉ።

አንዲት እናት ከሰሉ በምድጃ ላይ እንደሚሆን፣ ውኃም አጠገቡ እንደሚቀመጥ ሊያስረዱ ሞከሩ። ወጣቱ ተረጎመ። ጠባቂው ራሳቸውን ነቀነቁ። እማሆይ ይህን ሲሰሙ ነጠላውን ፈትተው ጧፎቹን አሳዩአቸው። «ልጄ፣ ይህ ለቡና አይደለም በልልኝ፤ የስእለት ነው፤ ቆሜ አብርቼ፣ ቆሜ አጥፍቼ እሄዳለሁ በልልኝ።» ወጣቱ በጣም ተቸግሮ ተረጎመ። ጠባቂው ጧፎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ እማሆይንም በአክብሮት እጅ ነሡ፤ መልሳቸው ግን አልተለወጠም። ከመካከላችን ያጉረመረሙ ነበሩ። «ከሰማይ እሳት በወረደበት ተራራ አንድ ጧፍ ይከለከላል?» ያለም አለ። እኛ አስተባባሪዎቹ አፍረን ቆምን፤ ቃሉን የሰጠነው እኛ ነንና። ጠባቂው ክርክሩን አልቀጠሉም። «መጀመሪያ አንድ ቦታ ላሳያችሁ» ብለው ወደ አውቶቡሱ ገቡ።

የወሰዱን ቤት ኦረን በምትባለው ሰፈር አቅራቢያ፣ በጠመዝማዛው የተራራ መንገድ ዳር ወዳለው መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 2010፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 23 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከዚህ ተራራ እሳት ተነሣ። የዚያ ዓመት ዝናብ ዘግይቶ ስለነበር ደኑ እንደ ጭድ ደርቋል። በዳሙን ያለውን ወህኒ ቤት ለማስለቀቅ ይረዱ ዘንድ የማረሚያ ቤት አገልግሎት ሠልጣኞችን አሳፍሮ ይጓዝ የነበረ አውቶቡስ በዚህ መንገድ ላይ በእሳት ተከበበ። በዚያ ቃጠሎ በጠቅላላው 44 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ በዚያ አውቶቡስ የነበሩ ናቸው። እሳቱን ለማጥፋት ብዙ አገሮች አውሮፕላን ላኩ፤ አራት ቀን ፈጀ፤ 25,000 ዱናም ገደማ፣ ማለትም 2,500 ሄክታር ያህል ደን ወደ አመድ ተለወጠ። መነሻው ከአንዲት የተጣለች የከሰል ፍም እንደ ነበር በጊዜው ተነግሯል።

ጠባቂው ይህን ሲናገሩ ወደ ከሰላችን አልተመለከቱም፤ መመልከት አላስፈለጋቸውም። በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ስሞች ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበልን። እማሆይ አማተቡ፤ ጧፎቹንም መልሰው ጠቀለሏቸው። ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ ደኑ በእግር ገባን። ስለዚህ ክፍል በሰፊው ብንጽፍ አንባብያን ይቅር ይበሉን፤ ከጠበቅነው ሁሉ የበለጠ ያየነው በዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ስም እንነጋገር። እኛ በአገራችን ጥድ የምንለው ዛፍና በዚህ በብዛት የቆመው ዛፍ ዝምድናቸው የሩቅ ነው። በዚህ ያለው በመርፌ ቅጠሉና በእንጨታማ ፍሬው የሚታወቀው፣ የደን ባለሙያዎቻችን ፓይን የሚሉት ዓይነት ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሙ የሐላብ ከተማን ይጠራል፤ ዕብራውያን ደግሞ «የኢየሩሳሌም ኦረን» ይሉታል። ከእርሱ በታች ዓረቦች ባሉጥ የሚሉት ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ እንደ እሾህ ጠርዘ ስለታም፣ ቁመቱ አጭር፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ካትላቭ የሚባለውን ዛፍ ያየ አይረሳውም፤ ግንዱ ልስልስና ቀይ ሆኖ፣ ቅርፊቱ በየዓመቱ እየተላጠ እንደ እባብ ቆዳ ይወድቃል። ኸሩብም በየቦታው ይታያል። ጠፍቶ የተገኘው ልጅ በረሃብ ጊዜ ሊመገበው የተመኘው አሰር የዚህ ዛፍ ፍሬ እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። የደረቀውን ፍሬ ከመሬት አንሥተን ቀመስነው፤ ይጣፍጣል። ከእናቶች አንዷ «እንዲህ ከሆነስ ልጁ አልተጎዳም» አሉና ተሳሳቅን። እሪያዎቹም አልጠፉም፤ በማታ ከየሸለቆው የሚወጡ ከርከሮዎች መሬቱን እንደ ታረሰ አድርገው ቆፍረውት አየን። ወጣቱ እንደ ነገረን በሐይፋ ከተማ ጎዳና ሳይቀር ይመላለሳሉ።

በመንገዱ ዳር የጠቆሩ ጉቶዎች አሁንም አሉ። በመካከላቸው ግን ከሰው ቁመት በላይ ያደጉ ለጋ ጥዶች ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል። «ማን ተከላቸው?» ብለን ጠየቅን። «እሳቱ» አሉ ጠባቂው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዛፍ ከሚያፈራቸው ኳስ መሰል ፍሬዎች ከፊሎቹ ደርሰውም አይከፈቱም፤ በሙጫ ታሽገው ለዓመታት በቅርንጫፉ ላይ ይቆያሉ። እሳት ሲመጣ እናቲቱ ዛፍ ትሞታለች፤ ሙቀቱ ግን ማኅተሙን ይፈታና ክንፍ ያላቸው ዘሮች በአመዱ ላይ ይረግፋሉ። በሚቀጥለው ክረምት ይበቅላሉ። ባሉጥ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ከላይ ቢነድም ሥሩ አይሞትምና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በዕለቱ ነጭና ሐምራዊ አበባውን ዘርግቶ ያየነው፣ ሎተም የሚሉት ቁጥቋጦም ከአመድ በኋላ ከሚቀድሙት ነው፤ ለዓመታት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የቆየውን ዘሩን የእሳቱ ትኩሳት ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ከ2010 ቃጠሎ በኋላ የተራራው ጠባቂዎች እንደ ቀድሞው ችግኝ ተሸክመው ከመሮጥ ይልቅ ደኑ ራሱ እስኪነሣ መጠበቅን መረጡ። ለጋሾች ዛፍ ለመትከል ገንዘብ ይዘው ሲመጡ «አትትከሉ፣ ጠብቁ» ማለት ቀላል እንዳልነበረ እንገምታለን።

ታዲያ እሳት ደን የሚወልድ ከሆነ ለምን ይፈራል? ይህን የጠየቁት እማሆይ ናቸው፤ በጥያቄያቸው ውስጥ ጧፉም እንዳለበት ሁላችንም ገባን። ጠባቂው ቆመው፣ አንድ ለጋ ጥድ በእጃቸው ይዘው መለሱላቸው። ይህ ዛፍ በቂ ዘር ለመያዝ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ሁለተኛ እሳት ቢያገኘው በአመዱ ላይ የሚወድቅ ዘር አይኖርም። አንዱ ቃጠሎ ደኑን ያድሳል፤ ቶሎ ብሎ የሚከተለው ይነቅለዋል። ቀርሜሎስ እ.ኤ.አ. በ1989 ነድዷል፤ በ2010 ነድዷል፤ በ2016 ደግሞ እሳት ሐይፋ ከተማ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጥተዋል። ዘመኑ እየሞቀ ሲሄድ በእሳትና በእሳት መካከል ያለው ዕረፍት እያጠረ ነው። «እናቴ» አሉ ጠባቂው፣ ቃሉን በዓረብኛ ተናግረውት ተርጓሚ አላስፈለገንም፤ «ይህ ዛፍ ገና ልጅ ነው።» እማሆይ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ስለ ፍየል ሳንናገር ብናልፍ ትልቅ ነገር ይቀራል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1950 የፍየልን ግጦሽ በብርቱ የሚገድብ ሕግ አወጣች፤ «የጥቁር ፍየል ሕግ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ፍየል ደን ታጠፋለች የሚል አሳብ ነው መሠረቱ። የእኛም አገር ሰው «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላታል። ሕጉ ብዙ ዓረብ እረኞችን ከመንጋቸው ለየ። ግን ፍየል ከወጣች በኋላ ከዛፎቹ ሥር ያለው ቁጥቋጦ የሚበላው አጥቶ ተቆላለፈ፤ በበጋ ደርቆም ከመሬት ተነሥቶ ዛፉ ጫፍ ድረስ ለእሳት መሰላል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጉ ተሻረ። ዛሬ ፍየልና ከብት ተፈልገው ወደ ደኑ ይገባሉ፤ በመንደሮችና በመንገዶች ዳር ባሉት የእሳት መከላከያ ሰቆች ላይ ይሰማራሉ። ጠባቂው የአያታቸውን መንጋ ያስታውሳሉ። ስለ ሕጉ የተናገሩት ጥቂት ነው፤ ፊታቸው ግን ብዙ ይናገር ነበር። ስድሳ ስምንት ዓመት ለአንድ ስሕተት ረጅም ዘመን እንደ ሆነ ይሰማናል።

ይህን ስንሰማ አሳባችን ወደ አገራችን የአድባራትና የገዳማት ደኖች ሄደ፤ መሄዱም አይቀርም። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ጥንታዊ ደን አላቸው፤ ከአየር ሲታዩ በታረሰው ምድር መካከል የተጣሉ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይመስላሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል፤ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነውም በብዙ ቦታ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ ተክበው አጥር እንዲሆን ረድተዋል። አጥሩ ያስፈለገው በትክክል በከብትና በፍየል ምክንያት ነው፤ በዚያ ችግኝ ሁሉ ከመሬት ብቅ ሲል ይበላልና፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ ተተኪ የላቸውም። እንግዲህ በአንዱ አገር ፍየል መግባቷ፣ በሌላው ፍየል መውጣቷ ጉዳት ሆነ። ከቀርሜሎስ የሚመለስ ሰው «ፍየል ለደን ይጠቅማል» ብሎ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እንዳይለቅ አደራ እንላለን። የጎንደር ደን የዝግባና የወይራ፣ የኮሶና የጥድ ጥላ ነው፤ ከእሳት ጋር ተለማምዶ አላደገም፤ አመድ ላይ የሚረግፍ የታሸገ ዘርም የለውም። ደኖቹን የሚያዛምድ ግን አንድ ዛፍ አግኝተናል። የአገራችን ወይራና የዚህ ምድር ወይራ በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ዝርያ ሁለት ወገኖች ናቸው። እናቶች በቅጠሉ አይተው ያወቁትን ሊቃውንቱ በስም አጽንተውታል።

በእግር መንገዱ ላይ ሳለን ከባሉጥ ላይ አንዲት ወፍ ጮኸች፤ አካሏ ቡናማ፣ በክንፏ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ያላት ናት። ዕብራውያን ኦርባኒ ይሏታል፤ የቁራ ዘመድ ናት። በመጸው የባሉጥን ፍሬ እየለቀመች ለክረምት ስንቅ በመሬት ውስጥ ትቀብራለች፤ የረሳችውም ይበቅላል። ከባዱ ፍሬ ወደ ዳገቱ የሚወጣው በእርሷ ነው። ኤልያስን የመገበው ቁራ ነበርና ዘመዱ ተራራውን ሲተክል ማየት ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ከዚህ አልፈን ምሥጢር አናደርገውም።

በኃይ ባር፣ ማለትም ጠፍተው የነበሩ አራዊት በሚረቡበት ቅጥር፣ ከአጥር ውጭ ቆመን ጥቂት ቆየን። የፋርስ ዋላ ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኢራን ጥቂቶች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1978፣ የሻሁ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አራት ዋሎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ። በዚህ ተራራ ተራብተው ከ1996 ጀምሮ በገሊላ፣ በኋላም በኢየሩሳሌም ዙሪያ ባሉ ተራሮች ተለቀዋል። ዕብራውያን «የቀርሜሎስ ዋላ» የሚሉት ትንሹ ዘመዱም ከዚህ ምድር ጠፍቶ በዚሁ መንገድ ተመልሷል። በሰሎሞን ማዕድ ላይ ስማቸውን ስናነብ የኖርነውን አራዊት በዛፍ ጥላ ሥር ሲያመሰኩ አየናቸው፤ ከሰው ፊት ዞር ያሉት እነርሱ ናቸው። ጆፌ አሞሮችም ነበሩ። እረኞች ለአውሬ ብለው በሚመርዙት ጥንብ ብዙዎቹ እንደሚያልቁ ሰምተን አዘንን፤ ይህ በአገራችንም ያለ ነው። ሳላማንደር የምትባለውን፣ ጥቁር ሆና ቢጫ ነጠብጣብ ያላትን ፍጥረት ለማየት ግን አልታደልንም። የምትወጣው በክረምት ዝናብ ነው፤ የዘሯም መኖሪያ ወደ ደቡብ ከዚህ ተራራ አያልፍም።

ከቀትር በኋላ ሙህራቃ ደረስን። በዓረብኛ «የተቃጠለው ስፍራ» ማለት ነው፤ ነቢዩ መሥዋዕቱን ያቀረበበት ነው ተብሎ የሚታመነው ይህ ስፍራ የቀርሜላውያን መነኮሳት ገዳም ሆኗል። በግቢው ሰይፉን ያነሣው ሐውልት አለ። ወደ ጣሪያው ስንወጣ የኢይዝራኤል ሸለቆ በሥራችን ተዘረጋ፤ ከወዲያ ደብረ ታቦር፣ ከታች የቂሶን ወንዝ መስመር፣ በስተምዕራብ የባሕሩ ጭጋግ። እማሆይ ወደ ባሕሩ ዞረው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው ጧፎቹን አወጡ። አንዳንዶቻችን ደነገጥን፤ ጠባቂው ግን አልተንቀሳቀሱም። እማሆይ አንዱን ጧፍ ሳይለኮስ በሁለት እጃቸው ይዘው ጸለዩ፤ አስቀመጡት፤ ሁለተኛውን አነሡ። ሰባቱንም እንዲሁ አደረጉ። ደመና አልነበረም። ሲጨርሱ ወደ ወጣቱ ዞሩና «ያ ትንሹ ዛፍ ዘር የሚይዘው መቼ ነው በልልኝ» አሉ። ጠባቂው በጣታቸው ቆጥረው መለሱ። «እንግዲያ እኔ አልደርስበትም፤ ይጠብቁት በልልኝ» አሉ እማሆይ።

ቡናውን ጠባቂው ከመኪናቸው ባመጡት ፔርሙስ ጠጣን፤ የሄል ቅመም የበዛበት የዓረብ ቡና ነው። ሲኒያችን አገልግሏል። እናቶች ቀጭን ነው ብለው ቢያሙትም ሦስት ጊዜ ተቀድቷል።

ወደ ተራራው ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት እንጨምር። አበባ ለማየት የሚሻ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሂድ። የተዘጋ ጫማ ያድርግ፤ ውኃ በብዛት ይያዝ። ከደኑ ቅጠልም ሆነ ፍሬ ይዞ መውጣት አይፈቀድም፤ ከመካከላችን በኪሳቸው የባሉጥ ፍሬ የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ በሩ ላይ መልሰዋል። ስእለት ያለበት ሰውም አስቀድሞ ይንገረን፤ እኛም በበኩላችን ሳንጠይቅ ቃል አንሰጥም።

ኢየሩሳሌም የገባነው መሽቶ ነው። የኪዳነ ምሕረት በር ገና አልተዘጋም ነበርና እማሆይ ሰባቱን ጧፍ በዚያ አበሩ፤ እስኪያልቅ ድረስም ከአጠገቡ አልተነሡም። የከሰሉ ከረጢት አሁንም በዕቃ ቤታችን ነው። የኔ ነው ያለ እስካሁን አልመጣም።